ደሟ የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር

በቀደም ለት ወደ አገር ቤት የሚገባ ወዳጄን ልሸኝ ከሳዑዲዋ ኾበር ተነሥቼ የደማሙ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ሄድኩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከከተማ ከወጡ በኋላ ግራና ቀኙ አሸዋ ነው፣ መብራቱ ከሩቅ ይታያል፣ ግን ቶሎ አይደረስበትም። ይህ አየር ማረፊያ በመሬት ስፋት ከዓለም አንደኛ ነው፤ ይዞታው 776 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ተለክታ 527 ገደማ ናት። ከዚህ ሁሉ መሬት ግን መንገደኛ የሚረግጠውና አውሮፕላን የሚያርፍበት ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ስለ ሰው ልጅ ዘረመል ስናወራ ይጠቅመናል።

ሻንጣ ከሚመዘንበት ሰልፍ አጠገብ አንዲት ወጣት ከወዳጄ ጋር ወግ ጀምራ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምሠራ ሲነግራት ወደ እኔ ዞር አለችና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ። እዚህ ከገባች በኋላ በተደረገላት ምርመራ ሄፓታይተስ ቢ ተገኝቶባት ወደ አገሯ እየተመለሰች ነው። በእጇ ያለው ወረቀት የሚለው አንድ ቃል ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው «አንፊት» የሚለው፣ ለሥራ አትሆንም ማለት ነው።

«ወንድሜ በስልክ ምን አለኝ መሰለዎት፤ ይህ በሽታ ወደ ጉበት ካንሰር ይሄዳል፣ አሁን ግን ኮምፒውተር የሰውን ዘረመል አይቶ ማን እንደሚድን፣ ማን እንደማይድን ይናገራል አለኝ። እውነት ነው? የእኔንስ ያውቅልኛል?»

እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ ነው! ሰልፉ እስኪደርሳት ድረስ የቻልኩትን ያህል ነገርኳት። ለእናንተ ደግሞ ሰፋ አድርጌ ላጫውታችሁ፤ ነገሩ የብዙዎቻችንን ቤት የሚነካ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉና ቁም ጸሐፊው

ልጆች ሳለን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ስናይ «የወፍ በሽታ ያዘው» እንል ነበር፤ ጥፋቱም በሌሊት ወፍ ላይ ይላከክ ነበር። ዛሬ ከጀርባው ካሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ የተባለ ቫይረስ እንደሆነ እናውቃለን። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ በ2016 የታተመ ሥራ ከመቶ ሰው ሰባቱ ገደማ ቫይረሱን እንደሚሸከም ገምቷል። አብዛኛው ተሸካሚ ለዓመታት ምንም አይሰማውም። ለዚህ ነው ብዙ ወገናችን ቫይረሱ እንዳለበት መጀመሪያ የሚሰማው ለዓረብ አገር ጉዞ «ሜዲካል» ሲያደርግ የሚሆነው።

ጉበት የሚገርም አካል ነው፤ ሲቆስል ራሱን መልሶ ያበቅላል። አደጋውም የሚገባው በዚሁ በር ነው። አንድ አዲስ ሴል እንዲወለድ በውስጡ ያለው የዲኤንኤ መጽሐፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ መገልበጥ አለበት። መጽሐፉ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። ብራናውን ዘርግቶ ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አስቡ። አንድ ጊዜ ቢገለብጥ ስህተቱ ጥቂት ነው። ቤቱ እየተቃጠለ፣ ጭሱ ዓይኑን እየለበለበው፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት ገልብጥ ቢባልስ? ቫይረሱ ጉበትን ሲያቆስለው፣ ጉበቱ ሲያበቅል፣ እንደገና ሲቆስል የሚሆነው እንዲህ ነው። ጠባሳው እየበዛ ጉበቱ ሲጠጥር ሲሮሲስ ይባላል፤ አብዛኛው የጉበት ካንሰርም የሚነሣው ከዚህ መሬት ላይ ነው።

ስህተቶቹ እንዳጋጣሚ የተበተኑ ብቻ አይደሉም። ጥቂት ቦታዎች ላይ ደጋግመው ይገኛሉ። አንደኛው ቴርት የሚባለው ጂን ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሴሎቻችን በተከፈሉ ቁጥር የክሮሞሶማቸው ጫፍ እንደ ገመድ ጫፍ እየተተረተረ ያጥራል፤ ሲያልቅ ሴሉ መከፈሉን ያቆማል። ቴርት ሲበራ ግን ጫፉ ይጠገናል፣ ሴሉም እርጅና አያውቀውም። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ የራሱን ጽሑፍ በመጽሐፋችን መሃል መሰንቀር የሚችል ቫይረስ ነው፤ ደጋግሞ ከሚሰነቅርባቸው ቦታዎች አንዱም የዚሁ የቴርት ጎረቤት ነው።

ሁለተኛው ቲፒ 53 ይባላል፤ የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ የሚጠብቅ ዘበኛ ጂን ነው። በዚህ ጂን ላይ በ1991 የወጣ ግኝት እስካሁን ያስደንቀኛል። አንዱ ቡድን በደቡባዊ አፍሪካ፣ ሌላው በቻይናዋ ቺዶንግ የጉበት ካንሰር ናሙናዎችን ሲመረምሩ፣ ሁለቱም እዚያው ቲፒ 53 ላይ፣ እዚያው 249ኛው ቦታ ላይ፣ ያንኑ የፊደል ለውጥ አገኙ። ሁለቱን አገሮች የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? በሻገተ በቆሎና ለውዝ ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ነው። አንድ ሊቅ የእጅ ጽሑፍ አይቶ «ይህ የእገሌ እጅ ነው» እንደሚል፣ መርዙም በካንሰሩ ዘረመል ላይ የእጁን ጽሑፍ ትቶ ይሄዳል። ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ የአውሮፓ ኅብረትን ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ላሞቹ በሚመገቡት የኑግ ፋጉሎም ብዙ አፍላቶክሲን ተገኝቷል። ወተት ውስጥ የሚገባው ዓይነት ከዋናው መርዝ ደከም ያለ ቢሆንም፣ ጓዳችንን እንድናይ ይጠራናል።

እብጠቱ ስንት ነው ወይስ ምን ዓይነት ነው?

አሁን ወደ ትንበያው እንምጣ። ሐኪም አንድን የጉበት ካንሰር ሲያይ መጀመሪያ የሚለካው መጠንና ብዛት ነው። በ1996 ከጣሊያን ሚላን የወጣው መመዘኛ ዛሬም በጉበት ንቅለ ተከላ ላይ ይሠራበታል፦ እብጠቱ አንድ ከሆነ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር አይብለጡ። እዚሁ ደማም ንቅለ ተከላ የሚሠራ ሆስፒታል አለ፤ ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ከእኛ መንደር የራቀ አይደለም።

ግን በአንድ በረት የተወለዱ፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ወይፈኖች ጠባያቸው አንድ ላይሆን ይችላል። አራት ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ እብጠት ተቆርጦ ሲወጣ ጉዳዩ ያበቃል፤ ሌላው አራት ሴንቲ ሜትር ግን በዓመቱ ይመለሳል። ልዩነቱን ሴንቲ ሜትር አይነግረንም። ዘረመሉ ይነግረን ይሆን?

በ2008 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት ያልተጠበቀ መልስ ሰጠ። ተመራማሪዎቹ ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሰዎች ናሙና ወሰዱና የጂኖችን እንቅስቃሴ አነበቡ። ከእብጠቱ የተነበበው ሰዎቹ ምን ያህል እንደሚኖሩ ለመተንበይ አልረዳም። የረዳው በእብጠቱ ዙሪያ ካለው፣ ካንሰር ካልሆነው ጉበት የተነበበው ነው! ገበሬ ይህ ይገባዋል፤ አረሙን ነቅለህ መሬቱ ያው ከሆነ ሌላ አረም ይበቅላል። የታመመው መሬት ራሱ ስለ ነገ ይናገራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። በዕድሜያችን መሃል በጉበት ሴል ውስጥ የተፈጠረ ስህተት አለ፤ ይህ ከእብጠቱ ወይም ከጉበቱ ይነበባል። ከእናትና ከአባት የወረስነው ልዩነትም አለ፤ ይህ ከየትኛውም የደም ጠብታ ይነበባል። ለምሳሌ ፒኤንፒኤልኤ 3 በተባለ ጂን ላይ ያለ አንድ የፊደል ልዩነት ከጉበት ስብ ጋር እንደሚያያዝ በ2008 አሜሪካ ውስጥ ታወቀ፤ ኋላም ለጉበት ካንሰር እንደሚያጋልጥ ታየ። የዚህ ልዩነት ብዛት ግን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፤ በጥናቱ ከላቲን አሜሪካ የመጡት ዘንድ በብዛት፣ አፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ በትንሹ ተገኘ። ይህችን ነጥብም ያዙልኝ።

እህል በረንዳ የተማረ ኮምፒውተር

ማሽን ለርኒንግ የሚለው ቃል ያስፈራል፤ ነገሩ ግን እህል በረንዳ ለሄደ ሰው እንግዳ አይደለም። የቆየ የጤፍ ነጋዴ ከጆንያው እፍኝ ይዘግናል፣ በመዳፉ ላይ ያንከባልለዋል፣ እፍ ይልበታል፣ «ይህ የአድአ ማኛ ነው» ይላል። በምን አወቅህ ብትሉት ደንብ አድርጎ አይጽፍላችሁም። ያወቀው ሺህ ጆንያ አይቶ፣ የእያንዳንዱ ጆንያ መጨረሻ ኋላ ስለተነገረው ነው፦ እንጀራው እንዴት ወጣ? ገዢው ተመለሰ ወይስ ተጣላ?

ኮምፒውተሩም እንዲህ ነው የሚማረው። ጆንያው የአንድ ታማሚ የጂን መረጃ ነው። እንጀራው ደግሞ ያ ሰው ከሕክምናው በኋላ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ካንሰሩ እንደተመለሰ ወይም እንዳልተመለሰ ነው። ማሽኑ ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ስህተቱ ይነገረዋል፣ ለእያንዳንዱ ጂን የሰጠውን ክብደት በጥቂቱ ያስተካክላል፤ ይህን ሳይታክት ይደጋግማል።

አሁን የአየር ማረፊያውን መሬት አምጡት። ከሦስት ቢሊዮኑ ፊደል ውስጥ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዝዘው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ጂኖቹ 20 ሺህ ያህል ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ የትኞቹ ስለ ሕይወት ዕድሜ ይናገራሉ? የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2013 አምስት ጂኖችን ብቻ መርጠው፣ እንቅስቃሴያቸውን በአንድ ቀመር አስገብተው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማን የበለጠ አደጋ ላይ እንዳለ መለየት ቻሉ። ያን ሁሉ ምድረ በዳ አቋርጦ አምስት በሮች ማግኘት ነው!

በ2018 ደግሞ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህ የጠለቀ ሥራ አወጡ። ከ360 የጉበት ካንሰር ታማሚዎች ሦስት ዓይነት መረጃ ወሰዱ፦ ከመጽሐፉ የትኛው ገጽ እየተነበበ እንደሆነ፣ ንባቡን የሚያፍኑት ጥቃቅን ማይክሮ አርኤንኤዎች ምን ያህል እንደሆኑ፣ የትኛው ገጽ እንደታሸገ። ይህን ሁሉ የሰጡት አንድን ረጅም ደብዳቤ በጥቂት ቃል ለመላክ እንደሚጥር ሰው ለሚሠራ ማሽን ነው። የድሮውን የፖስታ ቤት ቴሌግራም አስታውሱ፤ በቃል ስለሚከፈል ፍሬ ነገሩ ብቻ ይጻፋል። ማሽኑ መረጃውን ያሳጥራል፣ ካሳጠረው ተነሥቶ ሙሉውን መልሶ ለመጻፍ ይሞክራል፤ መልሶ የጻፈው ከዋናው ጋር ከተቀራረበ ፍሬውን ይዟል ማለት ነው። ከዚያ አጭር ጽሑፍ ተነሥተው ታማሚዎቹ በሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ከሌላው ባጠረ ጊዜ የሚሞት ሆነ፣ በእሱም ውስጥ ያ ዘበኛ ጂን፣ ቲፒ 53፣ በብዛት ተበላሽቶ ተገኘ። ማሽኑ ስለ ዘበኛው ማንም ሳይነግረው ነው እዚያ የደረሰው።

የሽምደዳ አደጋ

ግን ተጠንቀቁ። 360 ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ከ20 ሺህ የሚበልጥ መለኪያ! ይህ ያለፈውን ዓመት ፈተና ከነመልሱ የሸመደደ ተማሪ የሚፈጠርበት ሁኔታ ነው። ያንኑ ፈተና ብትሰጡት መቶ ከመቶ ያመጣል፤ ጥያቄውን ስታዞሩበት ይወድቃል። ስለዚህ ማሽኑ መፈተን ያለበት ሲማር ባላያቸው ሰዎች፣ ቢቻል በሌላ ሆስፒታልና በሌላ አገር ሰዎች ላይ ነው። የሃዋዩ ቡድንም በሌሎች አምስት የታማሚ ስብስቦች ላይ ፈትኖታል።

ውጤቱስ? ሁለት ታማሚዎችን አቅርበን «ከሁለቱ ማን ቀድሞ ይሞታል?» ብለን እንጠይቀው። ሳንቲም ብንወረውር ከመቶ ጊዜ ሃምሳውን እንመታለን። ማሽኑ 68 ገደማውን መታ። ከሳንቲም በጣም ይሻላል፤ ነቢይ ግን አይደለም። ለዚያች ልጅም ያልኳት ይህን ነው፦ ማሽኑ የሚናገረው እንዲህ ያሉ መቶ ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው ነው፤ ከመቶው አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ አይናገርም።

የማን ጉበት አስተማረው?

አሁን ልቤን ወደሚያንገበግበው ነገር ደረስኩ። የአድአን ጤፍ ብቻ ሲዘግን የኖረ ነጋዴ ከማያውቀው አገር የመጣ ጤፍ ብታቀርቡለት ዝም አይልም፤ በሙሉ ልብ ይሳሳታል። የሃዋዩ ማሽን የተማረው ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ የካንሰር ዘረመል ስብስብ ነው፤ በስብስቡ ካሉት የጉበት ካንሰር ታማሚዎች አብዛኞቹ ነጮችና እስያውያን ናቸው፤ ጥቁሮቹ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። ዘረመል ከሕዝብ ሕዝብ እንደሚለያይ ደግሞ ቅድም ያዙልኝ ብያችሁ ነበር፤ እኛ የራሳችን ዘረመል ብቻ ሳይሆን የራሳችን ቫይረስም አለን፤ በ2017 ተመራማሪዎች በኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ከዚያ በፊት የማይታወቅ የሄፓታይተስ ቢ ንዑስ ዓይነት አግኝተው ዲ 10 ብለው ሰይመውታል።

ይህ ሥጋት በግምት የተነሣ አይደለም። በጣም ቀላል በሆነ ቀመር ላይ ሲደርስ አይተነዋል። አፕሪ የሚባል ስሌት አለ፤ ከደም የሚለኩ ሁለት ነገሮችን፣ አንድ የጉበት ኢንዛይምና የፕሌትሌትን ብዛት፣ አካፍሎ ጉበቱ ምን ያህል እንደጠጠረ ይገምታል። የተቀመረው በ2003 አሜሪካ ውስጥ፣ በሄፓታይተስ ሲ ታማሚዎች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ለሄፓታይተስ ቢም ተቀብሎት «ከ2 በላይ ከሆነ ሲሮሲስ ነው» ብሎ መመሪያ አወጣ።

በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የሄፓታይተስ ቢ የሕክምና ፕሮግራም ተጀመረ። ዶክተር ኃይለሚካኤል ደሳለኝና የኖርዌዩ አስጌር ዮሃነሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሺህ በላይ ታማሚዎችን መዝግበው፣ የጉበታቸውን ጥጥረት በመሣሪያ ለክተው ከቀመሩ ጋር አስተያዩት። ቀመሩ ሲሮሲስ ያለባቸውን አብዛኞቹን አላያቸውም! ሕክምና የሚገባው ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ሊመለስ ነበር ማለት ነው።

እነሱ ግን በዚህ አላበቁም። የኢትዮጵያው መረጃ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ተጣምሮ፣ ከስምንት አገሮች የ3,548 ሰዎች መረጃ በ2023 በኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ታተመ፤ ለእኛ የሚስማማው ወሰን 0.65 አካባቢ እንደሆነም አሳየ። በመጋቢት 2024 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ሲያድስ የሲሮሲሱን ወሰን ከ2 ወደ 1 አወረደው፤ ሕክምና የሚያሻውን ጠባሳ ለመለየትም 0.5ን አስቀመጠ።

ሁለት የደም መለኪያ ያለው ቀመር እንዲህ ከሳተ፣ ከ20 ሺህ በላይ መለኪያ ያለው ማሽንማ ያለ እኛ ደም ቢማር ምን ያህል ሊስት እንደሚችል አስቡት። መድኃኒቱም ያው ነው፤ ሕዝቡ በመረጃው ውስጥ ሲገባ ቀመሩ ይታረማል። ጳውሎስ ሆስፒታል ወረፋ ጠብቀው ክንዳቸውን የዘረጉ ሰዎች ናቸው ያረሙት።

ለልጅቷ የሰጠሁት መልስ

ልጅቷ በአንክሮ ስትሰማኝ ቆይታ «እና እኔስ?» አለች።

«ልጄ» አልኳት፣ «አንቺ ካንሰር አለሽ ማንም አላለሽም። ያ የጂን ማሽን በአብዛኛው ካንሰሩ ላለበት ሰው ነው። ለአንቺ የሚያስፈልገው ትንበያ ከቀላል ምርመራ ይገኛል፦ የቫይረሱ መጠን፣ የጉበት ኢንዛይም፣ ፕሌትሌት፣ አልትራሳውንድ። መድኃኒት ካስፈለገሽ ቴኖፎቪር የሚባል አለ፣ ለኤች አይ ቪ ሲሰጥ የኖረ ነው፤ ቫይረሱን አፍኖ የካንሰሩን ዕድል ይቀንሳል። በየጊዜው ታዪ። መጠጥ ይቅርብሽ። የሻገተ ለውዝና በቆሎ አትብዪ። እናትሽና እህት ወንድሞችሽም ይመርመሩ፣ ያልያዘው ይከተብ። አብሮ በመብላት አይተላለፍምና ማዕድ አትለዪ።»

ስለ ክትባቱ የዚህን አገር ምሳሌም ነገርኳት። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1989 ለሕፃናት ሁሉ መከተብ ከመጀመሯ በፊት ከመቶ ሕፃናት ሰባት ያህሉ ቫይረሱ ነበረባቸው፤ በ1997 ከሺህ ሦስት ሆኑ፤ ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ በተደረገ ምርመራ አንድም ልጅ አልተገኘም። የኛም ልጆች ከ2007 ጀምሮ በጤና ጣቢያ የሚወጉት አምስት በአንድ የሆነው ክትባት ይህንኑ ይዟል። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ሲጨመርበት ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ያለው በር በጣም ይጠብባል።

ሰልፉ እየደረሳት ነበር። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ጋሼ፣ ጥናት ላይ ግቢ ቢሉኝ፣ ደሜ ከኋላዬ ለሚመጡት ማሽኑን ያስተምራል ማለት ነው?» አለች።

«ያስተምራል። ለምን እንደሚወስዱት፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ስምሽ እንዴት እንደሚጠበቅ ጠይቂ፤ መልሱ ካጠገበሽ ስጪ። መጀመሪያ የምትሄጂው ግን ለራስሽ ሕክምና ነው።»

ደሟ እስካሁን የተጠየቀው ለሥራ ትሆናለች ወይስ አትሆንም የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች፤ ያንን «አንፊት» የሚለውን ወረቀት ገልብጣ በጀርባው ላይ ምርመራዎቹን አንድ በአንድ ጻፈች፤ የፕሌትሌትን አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሻንጣዋ ሲመዘን ወረቀቱን በፓስፖርቷ መሃል አስገባችው፣ የእሷ ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ።